የጤፍ አበባ የምትከፈትበት ሰዓት



ስለ አበባማ ዕፀዋት መራባት ንግግር እንዳደርግ ስጋበዝ፣ አዘጋጆቹ የጠበቁት ጽጌረዳንና ንብን ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን አብዛኞቻችን በየዕለቱ እየበላነው አበባውን አይተን ስለማናውቀው ተክል፣ ስለ ጤፍ መናገርን መርጫለሁ። «ጤፍ አበባ አለው እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። በጠያቂው አልፈርድም። አበባን ሁልጊዜ ባለቀለምና ነፍሳት የሚጎበኟት አድርገው የሚሥሉልን የመማሪያ መጻሕፍት ናቸው።

የጤፍ አበባ ቀለም የላትም፤ ማንንም አትጋብዝምና አያስፈልጋትም። በሁለት ቅርፊት መሳይ ሽፋኖች መካከል ሦስት የብናኝ ከረጢቶች፣ እንዲሁም ጫፏ እንደ ላባ የተበጠረ አንዲት ሴቴ ክፍል አሉ። በአንድ ዛላ ላይ በርካታ እንዲህ ያሉ አበቦች ይገኛሉ፤ የሚያብቡትም ከዛላው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች ነው። ከሽፋኖቹ ሥር ያሉት ጥቃቅን አካላት ውኃ ምገው ሲያብጡ ሽፋኖቹ ይፈለቀቃሉ፤ ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፤ ብናኙም እዚያው ጎረቤቱ በሆነችው ሴቴ ክፍል ላይ ያርፋል። ከዚህ የተነሣ ጤፍ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው።

ብናኙ ካረፈ በኋላ የሚሆነው ነገር ጤፍን ከጽጌረዳም ከዋርካም ጋር አንድ ያደርገዋል። ብናኙ ቀጭን ቱቦ አብቅሎ ሁለት የወንዴ ህዋሳትን ወደ ውስጥ ያደርሳል። አንዱ ከእንቁላሏ ጋር ተዋሕዶ ፅንስ ይሆናል። ሁለተኛው ከሌሎች ሁለት ኒውክለሶች ጋር ተዋሕዶ የፅንሱን ስንቅ፣ ኢንዶስፐርም የምንለውን ይመሠርታል። ይህን ድርብ ፅንሰት ሩሲያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሰርጌይ ናቫሺን እ.ኤ.አ. በ1898 ይፋ አደረገ። ጤፍ በተራ ህዋሱ 40 ክሮሞዞሞች አሉት፤ የወንዴውና የሴቴው የዘር ህዋሳት 20፣ 20 ይይዛሉ፤ ስንቁ ግን 60 ይኖረዋል። እንጀራችን በአብዛኛው የዚህ የሁለተኛው ፅንሰት ውጤት ነው ማለት ነው። ፈተና ላይ «ሁለተኛው ፅንሰት ምን ይጠቅማል?» ሲባል ገጹን ባዶ ለሚተዉ ተማሪዎቼ ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አንድ ተመራማሪ የአንዱን ጤፍ ንጣትና የሌላውን ምርታማነት በአንድ ተክል ላይ ማግኘት ቢፈልግ ሁለቱን ማዳቀል አለበት። ለዚህም የእናትየውን ከረጢቶች ሳይፈነዱ ነቅሎ፣ የሌላውን ብናኝ በትክክለኛው ጊዜ ማምጣት ይጠበቅበታል። ይሁንና ለረጅም ጊዜ የጤፍ አበባ እንደተዘጋች ራሷን የምታዳቅል፣ የሰው እጅ የማይገባባት ተደርጋ ትታይ ነበር። ስለዚህ የዝርያ ማሻሻያው ሥራ በዋናነት ገበሬው ካቆያቸው ዘሮች መካከል በመምረጥ ላይ የተመሠረተ ነበር። መምረጥ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ያለውን ይለያል እንጂ በሁለት ተክሎች ላይ ተበታትኖ ያለውን ጠባይ አንድ ላይ አያመጣም።

በሩን የከፈተው ውድ መሣሪያ አልነበረም። ዶክተር ታረቀ በርሄ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ሥራ የጤፍ አበባ በእርግጥ እንደምትከፈት፣ የምትከፈተውም ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ ባለው አጭር ጊዜ መሆኑን አሳወቁ። ሦስት ሩብ ሰዓት ነው! ተመራማሪው ቁርሱን በልቶ ማሳ ሲደርስ ነገሩ አልቋል። ያም ሆኖ ሰዓቱ መታወቁ ብቻውን ሥራውን አያቀልም፤ የጤፍን ከረጢት በወረንጦ ነቅሎ እናቲቱን ሳይጎዱ ማለፍ በማጉያ መነጽር ሥር የሚሠራ፣ የጽኑ እጅና የትዕግሥት ሥራ ነው።

ከፍሬዎቹ ሁሉ የታወቀው በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ ነው። ወላጆቹ በምርታማነቱ የሚታወቀው ዱከምና በንጣቱ የሚታወቀው ማኛ ናቸው።

እዚህ ላይ ትኩረታችሁን የምሻበት ነጥብ አለ። ማዳቀልን ያስቸገረው ያው የጤፍ ጠባይ፣ ከተዳቀለ በኋላ ረዳት ይሆናል። የመጀመሪያው ትውልድ ወላጆቹ በሚለያዩባቸው ቦታዎች ሁሉ ቅይጥ ነው። ከዚያ ተክሉ ራሱን እንዲያዳቅል ሲተው ቅይጥነቱ በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሁለተኛው 50 በመቶ፣ በሦስተኛው 25፣ በስምንተኛው ከ1 በመቶ በታች ይሆናል። ተመራማሪው ይመርጣል፤ ማጥራቱን አበባዋ በየጧቱ በሯን ከፍታ እየዘጋች ትሠራለታለች።

ይህ ለገበሬው ምን ማለት እንደሆነ ከበቆሎ ጋር ብናነጻጽር ይገባናል። የበቆሎን ብናኝ ነፋስ ከተክል ወደ ተክል ይወስደዋል፤ የድቅል በቆሎን ምርት መልሶ ለዘር ያዋለ ገበሬ የተበታተነ ጠባይ ያለው ሰብል ያገኛል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ዘር ይገዛል። ቁንጮን የዘራ ግን ከጎተራው ዘር አስቀርቶ ለከርሞ ሊዘራ ይችላል። ዘሩ ቢደባለቅ እንኳ፣ በእኔ ግምት ከአበባዋ ይልቅ አውድማውና ጆንያው ይጠየቃሉ።

በፋኩልቲያችን የማሳያ ማሳ ላይ ያለው ጤፍ በዚህ ሳምንት ማበብ ጀምሯል። ነገ ጠዋት 12፡30 ማጉያ መነጽር ይዞ የሚገኝ ተማሪ አብሮኝ ያያል። ከ1፡30 በኋላ የሚመጣ ግን የተዘጉ ሽፋኖችን ብቻ ያገኛል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።