ፎቶ የተከለከለው መሶብ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከስፌትና ጥልፍ ክፍል አባላት አንዷ ያሰማችው ንግግር)



ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የስፌትና ጥልፍ ክፍላችን አባላት በቅርቡ አንድ የታሪክ ሙዚየም ጎብኝተን ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ማንንም ለመክሰስ አልቆምኩም። የሄድነውም ለሽርሽር ሳይሆን ለሥራ ነው። ለገበያ የምናቀርበው መሶብና ሙዳይ ከሌላው ጋር እየተመሳሰለ መጥቷል። ገዢዎች «ይህንንማ ሌላም ቦታ አይተነዋል» እያሉን ያልፋሉ። ስለዚህ የድሮ እናቶች አለላውን እንዴት እያፈራረቁ እንደሰፉት፣ በቀሚስ አንገት ላይ ጥልፉን እንዴት እንዳወረዱት አይተን፣ ፎቶ አንስተን ልንመለስ ነበር ሐሳባችን።

በሩ ላይ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» ተባልን። ስልካችንን አስረክበን ገባን። ምክንያቱን ስንጠይቅ ጥበቃው በትሕትና «መመሪያ ነው እናቴ» አለን። ከዚያ በላይ የሚያስረዳን አላገኘንም። የሚሸጥ ፖስትካርድ ወይም መጽሐፍም አልነበረም።

ከእኛ ሁሉ ይልቅ ስፌት የሚያውቁት አንዲት እናታችን ጉልበታቸውን ታመው ቤት ቀርተዋል። እሳቸው ፎቶውን ቢያዩት ስፌቱ ከየት እንደተጀመረ፣ የትኛው ቀለም የት እንደገባ ይነግሩን ነበር። እኛ ግን በቃል ለማስረዳት ስንሞክር እርስ በርሳችን መስማማት አቃተን። ብስጭቴ ከዚህ የመጣ ነው።

ይሁንና እውነቱን ለመናገር ክልከላ ሁሉ ከንቱ አይደለም። ብርሃን ጨርቅንና ቀለምን ይጎዳል፤ ጉዳቱም እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ አንዴ የጠፋ ቀለም አይመለስም። ሙዚየሞች ለልብስና ለብራና የሚያበሩትን መብራት 50 ሉክስ አካባቢ አደብዝዘው የሚይዙት ለዚህ ነው። እኛም ይህንን ከቤታችን እናውቀዋለን፤ ፀሐይ ላይ የሰነበተ የጥበብ ቀሚስ ጥለቱ እንደሚነጣ ያላየ የለም። ዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የነፃነት አዋጁ ባለበት አዳራሽ ፎቶ ማንሳትን በ2010 እ.ኤ.አ. ፈጽሞ የከለከለው፣ ፍላሽ ክልክል ነው ቢባልም ፍላሹ አልቆም ስላለ ነው።

ለክብር ሲባል የማይታይም አለ። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ተዘርፈው በለንደኑ የብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት ታቦታት ለሕዝብ አይታዩም። እነሱን ፎቶ ላንሳ የሚል ቢመጣ መጀመሪያ የምንቃወመው እኛ ነን።

መሶብ ግን ታቦት አይደለም። ክልከላም ሊሻሻል የሚችል ነገር ነው። የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ለብዙ ዘመን ይዞት የቆየውን ክልከላ በ2014 እ.ኤ.አ. አንስቶ፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሳትን ፈቅዷል።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያው ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት በተባለው ሙዚየም፣ ከመቅደላ የተወሰደ ባለ ጥልፍ የጥጥ ቀሚስ አለ። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደነበረ ይነገርለታል። የዚያን ቀሚስ ፎቶ ልጄ በስልኳ ፈልጋ አሳየችኝ። እስቲ አስቡት! ባሕር ተሻግሮ የሄደውን ቀሚስ ጥልፍ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጬ አየሁት፤ በታክሲ ሄጄ የጎበኘሁትን መሶብ ግን ለታመሙት እናታችን ላሳያቸው አልቻልኩም።

እርሳስና ወረቀት አልተከለከለም ነበር። አንዷ ዙሩን በጣቷ ስትቆጥር ሌላዋ ጻፈች፤ ሦስተኛዋ ሣለች። በዚህ መንገድ ካየናቸው ሙዳዮች አንዱን ከሞላ ጎደል መልሰን ሰፍተነዋል፤ ዛሬ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። የትልቁ መሶብ ክዳን ግን አልተሳካም። ቀለሙ ሦስት ጊዜ እንደሚዞር እንስማማለን፤ ከየት እንደሚጀምር ግን አሁንም እየተከራከርን ነው።

እህቶቼ፣ ሙዚየሙ መሶቡን ከብልና ከብርሃን ይጠብቀዋል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። መሶብ መስፋትን ግን ሊጠብቅ የሚችለው የሰው እጅ ብቻ ነው። ወስፌ የያዘችው እጅ ካላየች፣ መሶቡ በመስታወት ውስጥ ይኖራል፣ ሙያው ግን ከእናቶቻችን ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ጉባኤው ለሙዚየሙ ደብዳቤ እንዲጻፍ እንዲወስን እጠይቃለሁ። ጥያቄያችን ቀላል ነው። በዓመት አንድ ቀን ባለሙያ ሴቶች የሙዚየሙ ሠራተኛ ባለበት ያለ ፍላሽ ፎቶ እንዲያነሱ ይፈቀድ። ይህ ካልሆነ ሙዚየሙ ራሱ አንስቶ በምንችለው ዋጋ ይሽጥልን። ሁለቱም ካልሆኑ የክልከላው ምክንያት በበሩ ላይ ይጻፍ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው በደስታ ይታዘዛል።

ባዶ እጃችንንም አንሄድም። እዚያ ካሉት ዕቃዎች አብዛኞቹ ላይ የተጻፈው «መሶብ»፣ «ሰፌድ» የሚል ብቻ ነው። ከምን እንደተሠራ፣ ስንደዶውና አክርማው መቼ እንደሚለቀም፣ የትኛው ለሠርግ፣ የትኛው ለዘወትር እንደሆነ የሚናገር የለም። ያንን የሚያውቁ እናቶች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። እኛ ይህንን እንስጣቸው፣ እነሱ ፎቶውን ይስጡን።

ለወዳጆቻችንም አንድ ልመና አለኝ። ለሚቀጥለው ጉብኝት ባለ መስመር ደብተር፣ ባለ ቀለም እርሳስና በእግራቸው መሄድ ለማይችሉት እናቶቻችን መጓጓዣ ያስፈልገናል። ፎቶው እስኪፈቀድ ድረስ ዓይናቸውን እዚያው ማድረስ አለብን።