ለብዙ ሰው የሚሆን የካርታ ጨዋታ

ካርታ በአብዛኛው የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ነው። ብሪጅ 4 ሰው ይፈልጋል፤ አንድ አይጨመርበትም፣ አንድም አይጎድልበትም። በኢትዮጵያ ከተሞች ብዙ ወዳጅ ያለው ኮንከርም የሚጥመው ሦስት አራት ሆነው ሲቀመጡለት ነው። በበዓል፣ በልደት ወይም በሽርሽር ቀን ግን 8፣ 10፣ አንዳንዴም 15 ሰው ይሰበሰባል። ያን ጊዜ አራቱ ሲጫወቱ የቀረው ከኋላ ቆሞ ያያል፤ ትንሽ ቆይቶም ስልኩን ያወጣል። አንድ ላይ ለመሆን የመጣ ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ይለያያል። ይህ እንዳይሆን ለብዙ ሰው የሚስማማውን ጨዋታ አስቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ምርጫውም የራሱ መመዘኛዎች አሉት።

ከመመዘኛዎቹ ሁሉ የሚቀድመው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። አንድ ተጫዋች አስቦ ካርዱን እስኪጥል ግማሽ ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። በ4 ሰው ጨዋታ ተራው ዳግም እስኪደርሰው የሚጠብቀው አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። ያው ጨዋታ በ10 ሰው ሲሆን መጠበቂያው ወደ አራት ደቂቃ ተኩል ያድጋል። በዚህ መካከል ወሬ ይጀመራል፣ አንዱ ውኃ ሊጠጣ ይነሳል፤ ተራው ሲደርስም “የማን ተራ ነው?” የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ ለብዙ ሰው የሚመረጠው ከሦስት ዓይነት አንዱ ነው፦ ተራው በሰከንዶች የሚያልፍ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጫወትበት፣ ወይም ተራው ያልደረሰው ሰው እንኳ ሥራ የማይፈታበት ጨዋታ።

ሁለተኛው መመዘኛ የተሸነፈው ሰው ዕጣ ነው። በአንዳንድ ጨዋታዎች የተሸነፈ ይወጣል፤ ሌሎቹ እስኪጨርሱም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዙሩ አምስት ደቂቃ ከሆነ ይህ ጉዳት የለውም፤ ግማሽ ሰዓት ከሆነ ግን ቀድሞ የወጣው ሰው ምሽቱን አጣ ማለት ነው። ሦስተኛው የማስረዳቱ ቅለት ነው። ከ10 ሰው መካከል ሕጉን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው፤ ገለጻው ከአምስት ደቂቃ ካለፈ የሚያዳምጥ አይኖርም። አራተኛው በካርዶቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። በየካርዱ ላይ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ጨዋታ ቋንቋውን የማያነቡትን አያትና ሕፃን ከጠረጴዛው ያርቃል። ቁጥር፣ ቀለምና ሥዕል ብቻ ያለበት ጨዋታ ግን ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል።

አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው የካርዱ ብዛት ነው። የተለመደው እሽግ ያለ ጆከር 52 ካርድ አለው፤ 4 ምልክት፣ ለእያንዳንዱም 13። ብዙ ሰው የሚያውቀውን ክሬዚን ለምሳሌ እንውሰድ። ለ10 ሰው አምስት አምስት ካርድ ቢታደል 50 ካርድ ያልቃል፤ አንዱ መጀመሪያ ሆኖ ሲገለጥ የሚሳበው ክምር አንድ ካርድ ብቻ ይሆናል። ጨዋታው ሳይጀመር ቆመ ማለት ነው። ሁለት እሽግ አንድ ላይ ከተበወዘ ግን 104 ካርድ ይገኛል፤ ከታደለም በኋላ 54 ይተርፋል። ከአምስት ሰው በላይ ሲሆን ሁለት እሽግ መቀላቀል ለክሬዚ ጥሩ ልማድ ነው።

ክሬዚ ራሱ ለብዙ ሰው ከሚመቹት አንዱ ነው። መሬት ላይ ካለው ካርድ ጋር በቁጥር ወይም በምልክት የሚገጥም ይጣላል፤ የሌለው ይስባል፤ እጁን ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ምርጫው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ማሰብ አይጠይቅም፤ ተራው ቶሎ ይዞራል። ችግሩ ሕጉ ከሰፈር ሰፈር መለያየቱ ነው። የትኛው ካርድ ምልክት እንደሚያስቀይር፣ የትኛው እንደሚያስቀጣ፣ ቅጣት በቅጣት ላይ ይደረብ እንደሆነ ካርታው ከመታደሉ በፊት ጮክ ብሎ መነገር አለበት። በመካከል የሚነሳው ክርክር ከጨዋታው ይረዝማል።

ኡኖ የዚሁ ጨዋታ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ሬዲንግ በምትባል ከተማ ፀጉር አስተካካይ የነበረው መርል ሮቢንስ ከክሬዚ ኤይትስ ተነስቶ ሠራው። እሱና ቤተሰቡ 8,000 ዶላር አዋጥተው 5,000 እሽግ አሳተሙ። ከ1992 ጀምሮ ጨዋታው የማቴል ኩባንያ ነው። የታወቀው እሽግ 108 ካርድ አለው፦ 76ቱ ባለ ቁጥር፣ 24ቱ ተራ የሚያዘልሉ፣ አቅጣጫ የሚያዞሩ ወይም ሁለት የሚያስስቡ፣ 8ቱ ደግሞ ቀለም የሚያስመርጡ ናቸው። ለ10 ሰው ሰባት ሰባት ቢታደል 70 ካርድ ይወጣል፤ 38 ይተርፋል፤ ስለዚህ አንድ እሽግ ይበቃል። ቁጥርና ቀለም ብቻ ስላለበት የስድስት ዓመት ልጅም ይጫወተዋል። ሰው ሲበዛ ዙሩ እንዳይረዝም በሰባት ፈንታ አምስት ካርድ ማደል ይቻላል። ሁለት በሚያስስበው ካርድ ላይ ሌላ ሁለት መደረቡ በየቤቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ማቴል በ2019 እንዳሳወቀው የጨዋታው ሕግ አይፈቅደውም። ድርቡ ዙሩን ያረዝማልና ለብዙ ሰው ሲሆን ዋናው ሕግ ይሻላል።

ተራ ያልደረሰውን ሰው ሥራ የማያስፈታው ቺት የሚባለው የማታለል ጨዋታ ነው። ሙሉው እሽግ ለሁሉም ይታደላል፤ እኩል ባይደርስ ግድ የለም። የመጀመሪያው ሰው አስ፣ ቀጣዩ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያሉ በቅደም ተከተል ይሄዳሉ። ተራው የደረሰ ሰው ካርዱን ደፍቶ መሬት ላይ ያስቀምጥና “ሁለት ሰባት” ብሎ ያስታውቃል፤ እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ማንኛውም ሰው “ውሸት!” ብሎ ሊያስገልጠው ይችላል። ውሸት ከተገኘበት ክምሩን በሙሉ ያነሳል፤ እውነት ከሆነ ግን የተጠራጠረው ያነሳዋል። ሰባት በእጁ የያዘ ሰው ሌላው “ሦስት ሰባት” ሲል ሂሳቡን ይሠራል፤ በእጁ ሁለት ሰባት ካሉ ሦስቱ ውሸት ነው፤ እሽጉ ያለው አራት ብቻ ነውና። ስለዚህ የሁሉም ዓይንና ጆሮ በየተራው ይሠራል። ከስምንት ሰው በላይ ሲሆን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ካርድ ስለሚያንስ ሁለት እሽግ መቀላቀል ይሻላል።

ተራ የሚባል ነገር ጨርሶ የሌለበት ደግሞ ስፑንስ የሚባለው የማንኪያ ጨዋታ ነው። የሚፈልገው አንድ እሽግ ካርታና ከተጫዋቹ ቁጥር በአንድ ያነሰ ማንኪያ ነው፤ ለ8 ሰው 7 ማንኪያ። ማንኪያው ጠረጴዛው መካከል ይደረደራል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አራት አራት ካርድ ይታደላል። አዳዩ ከቀረው ክምር አንድ ያነሳል፤ አምስት ከሆኑት የማይፈልገውን አንዱን ደፍቶ በግራው ላለው ይሰጣል። ያኛውም አይቶ የማይፈልገውን ለቀጣዩ ያስተላልፋል። አዳዩ የሰጠው ካርድ ዞሮ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ወዲያው ሌላ ያነሳል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካርዱ በክቡ ዙሪያ መፍሰስ ይጀምራል፤ የስምንቱም እጅ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ይሆናል። የሁሉም ዓላማ አራት ተመሳሳይ፣ ለምሳሌ አራት ዘጠኝ መሰብሰብ ነው። የሞላለት ሰው አይጮህም፤ ዝም ብሎ ማንኪያ ያነሳል። ይህን ያየ ሁሉ ካርዱ ሞላም አልሞላም ይሻማል፤ አንድ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። የቀረውን ከጨዋታ ከማስወጣት ይልቅ አንድ የቅጣት ነጥብ መዝግቦ መቀጠል ይሻላል፤ እንዲህ ከሆነ ማንም ተመልካች አይሆንም። ዙሩ ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ አያልፍም። በማንኪያ ፈንታ ሹካ ማስቀመጥ ግን እጅ ያስወጋልና አይገባም።

ትንሽ ማሰብ ለሚወድ ቡድን ዜክስ ኒምት የሚባለው የጀርመን ጨዋታ አለ። ቮልፍጋንግ ክራመር የፈጠረው ሲሆን የወጣው በ1994 ነው። ካርዱ ከ1 እስከ 104 የተቆጠረ ሆኖ በየካርዱ ላይ የበሬ ራስ ተስሎበታል፤ የበሬው ራስ ቅጣት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 10 ካርድ ይታደላል፤ 4 ካርድ ተገልጦ የአራት ረድፍ መጀመሪያ ይሆናል። 10 ሰው ሲጫወት 100ው ካርድ በእጅ፣ 4ቱ መሬት ላይ ሆኖ እሽጉ ልክ ያልቃል። ሁሉም አንድ አንድ ካርድ ደፍቶ ያስቀምጥና በአንድ ጊዜ ይገልጣል። ከዚያ ከትንሹ ቁጥር ጀምሮ እያንዳንዱ ካርድ ከእሱ ከሚያንሱት የረድፍ መጨረሻዎች ለእሱ ቅርብ በሆነው ላይ ይቀጠላል። የረድፎቹ መጨረሻ 12፣ 37፣ 58 እና 90 ከሆነ 41 ከ37 ቀጥሎ ይገባል። አንድ ረድፍ የሚችለው 5 ካርድ ነው፤ ስድስተኛውን ያመጣ አምስቱን ከነቅጣታቸው ያነሳና የእሱ ካርድ አዲስ ረድፍ ይጀምራል። በ37 የሚያልቀው ረድፍ አራት ካርድ ይዞ ከሆነ 41 የጣለው ሰው አምስተኛ እሆናለሁ ብሎ ይተማመናል፤ ሌላው ሳይታሰብ 39 ከገለጠ ግን 39 ቀድሞ ይገባና 41 ስድስተኛ ይሆናል። ምርጫው በአንድ ጊዜ ስለሆነ 10 ሰውም ቢጫወት የሚጠበቅ ተራ የለም። ለብዙ ሰው የተሠራ ጨዋታ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ሕፃናት በብዛት ባሉበት ቤት ዶብል ይመረጣል። በ55ቱ ክብ ካርዶች በእያንዳንዱ ላይ 8 ሥዕል አለ፤ የትኞቹም ሁለት ካርዶች የሚጋሩት ሥዕል ደግሞ አንድና አንድ ብቻ ነው። ያንን ቀድሞ ያየና የጠራ ካርዱን ይወስዳል። ገለጻው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከ2 እስከ 8 ሰው ይጫወተዋል፤ ፈጣን ዓይን ያለው ልጅም አባቱን ያሸንፍበታል።

ሰው ከ10 ሲያልፍ የካርታው ሥራ ይለወጣል። በ1980ዎቹ ዲሚትሪ ዳቪዶፍ በሞስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ማፊያ ለዚህ ያገለግላል። ካርዱ ሚና ለማደል ብቻ ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ጥቁር ኪንግ የደረሰው ማፊያ፣ የቀረው ሰላማዊ ሰው ይሆናል። ቀሪው ክርክርና ጥርጣሬ ነው፤ አንድ ሰው ጨዋታውን ይመራል። 15 ሰው በአንድ ጨዋታ ይይዛል፤ ጉድለቱ ቀድሞ የወጣ ሰው ቁጭ ብሎ መጠበቁ ነው። ይህን የማይወድ ቡድን ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በሁለት ጠረጴዛ መከፈል ሲሆን በየዙሩ የአንዱ አሸናፊ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ሰውም ይቀላቀላል። ሌላው ሁለት ሁለት ሆኖ አንድ እጅ መያዝ ነው፤ ጨዋታውን የማያውቅ ከሚያውቅ፣ ልጅ ከትልቅ ጋር ሲቀመጥ 12 ሰው 6 ተጫዋች ይሆናል፣ ማስተማሩም አብሮ ይሄዳል።

ማናቸውም ጨዋታ ሲጀመር አጭሩ የማስተማሪያ መንገድ የመጀመሪያውን ዙር ካርዱን ገልጦ፣ ነጥብ ሳይያዝ መጫወት ነው። እጅ በእጅ የታየ ሕግ በቃል ከተነገረው ይበልጥ ይያዛል። ገንዘብም ከጠረጴዛው መራቅ አለበት። በብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ካርታ በክፉ ዓይን የሚታየው ከቁማር ጋር ስለተያያዘ ነው፤ ገንዘብ በገባበት ቦታ ደግሞ ልምድ የሌለው ይከስራል፣ ደካማው ይሸሻል፣ ወዳጅም ይቀያየማል። እዚህ ከተጠቀሱት አንዱም ያለ ገንዘብ የማይጥም የለም። የተሸነፈ እንቆቅልሽ ቢያወጣ ወይም ቡና ቢቀዳ ቅጣቱ ይበቃል።

በአጭሩ ለ5 እና ለ6 ሰው ክሬዚ ወይም ቺት፣ ለ8 ሰው የማንኪያ ጨዋታ ወይም ዶብል፣ ለ10 ሰው ኡኖ ወይም ዜክስ ኒምት፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ማፊያ ወይም ሁለት ጠረጴዛ ይስማማል። አንድ ብቻ ይመረጥ ከተባለ ቅድሚያ የሚገባው የማንኪያው ጨዋታ ነው፤ የሚያስወጣው ወጪ የአንድ እሽግ ካርታ ዋጋ ብቻ ነው፣ ማንኪያውም ከቤት ይገኛል፣ ሕጉን የማያውቅ እንግዳም በሁለተኛው ዙር እኩል ተጫዋች ይሆንበታል።