የመጤው የፍራፍሬ ዝንብ ርቢና የወጥመዳችን ወሰን



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአጋሮ አቅራቢያ አንድ አዛውንት የቡና ገበሬ ከማንጎ ዛፋቸው ላይ ወጥመድ አውርደው አሳዩኝ። በሞቱ ዝንቦች ተሞልቷል። «ይህን ያህል እየሞተ ማንጎው ስለምን ይተላል?» አሉኝ። የዛሬው ንግግሬ ለእሳቸው ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ዝንቡ ከእስያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ አገራችን ገባ። በ2005 ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ ተብሎ እንደ አዲስ ዝርያ ተሰየመ፤ በ2015 ግን በእስያ ከሚታወቀው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ራሱ ርቢ ነበር፤ የአፍሪካውና የእስያው ዝንብ በአንድ ማርቢያ ሲቀመጡ ያለ ችግር ተጣመሩ፤ የወለዷቸውም መካን አልነበሩም።

ወንዱ በአንዳንድ አበቦችና ቅመሞች ውስጥ የሚገኘውን ሜቲል ዩጂኖል አጥብቆ ይሻል። የበላውን በሰውነቱ ለውጦ በኋላ አካሉ ባለ ዕጢ ያከማቻል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንዶቹ በቅጠል ላይ ይሰበሰባሉ፤ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሽታውን ይለቅቃሉ፤ ሴቷም ሽታውን ተከትላ ትመጣለች። ያልበላው ወንድ ከበላው ጋር ሲወዳደር ብዙውን ጊዜ ይሸነፋል። ወጥመዳችን የሚጠቀመው በዚሁ ፍላጎት ነው፤ ስለዚህ የሚገድለው ወንዱን ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

አንድ ወንድ ግን ብዙ ሴቶችን ያስረግዛል። ከወንዶቹ እጅግ የሚበዙት ካልጠፉ በቀር የሴቶቹ ቁጥር አይነካም። በ1960ዎቹ በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በሮታ ደሴት ዘዴው ዝንቡን ጨርሶ አጥፍቷል። ጅማ ግን ደሴት አይደለችም፤ የአንዱ ጓሮ ቢጸዳ ከጎረቤት ማንጎና ዘይቱን ሌላ ይመጣል። የተጠቃችው ሴት ሳትሆን የተረፈችው ሴት በዕድሜዋ ከአንድ ሺህ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። (የቆላ ዝንብን የምታጠኑ ተማሪዎች አወዳድሩት፤ የቆላ ዝንብ በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ እጭ ብቻ ነው። በቃሊቲ የሚረቡት መካን ወንዶች እዚያ ተስፋ የሚጣልባቸው ያለ ምክንያት አይደለም።)

ሴቷ እንቁላሏን ለማብሰል ፕሮቲን ያስፈልጋታል። ፀረ ተባይ የተቀላቀለበት የፕሮቲን ማጥመጃ እሷንም የሚደርስባት ለዚህ ነው። የወደቀ ፍሬ መልቀምም ከዚህ አያንስም፤ እጩ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ገብቶ ነውና ወደ ዝንብነት የሚለወጠው። የተለቀመው በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ከዛፉ ሥር ክምር ሆኖ ከተተወ ግን ለዝንቡ ማርቢያ አዘጋጀንለት ማለት ነው።

ስለ ቡናው አንድ ነገር ልጨምር። በእሸት ቡና ውስጥ ለረጅም ዘመን የኖረው የእኛው የአፍሪካ ዝንብ፣ ሴራታይቲስ ካፒታታ ነው። እጩ የሚበላው ፍሬውን የሸፈነውን ለምለም ክፍል በመሆኑ ገበሬው ብዙም አያስተውለውም። የዚህ ዝንብ ወንድ የሚጠናናው በቀን ብርሃን ነው፤ ሜቲል ዩጂኖልም አይስበውም፤ የሚስበው ትራይሜድሉር የተባለው ነው። ስለዚህ በአጋሮ ያየሁት ወጥመድ ስለ ቡናው ዝንብ ምንም አልነገረንም። በመጪው የቡና ለቀማ ወደ ማሳ የምትወጡ ተማሪዎች ሁለቱንም ማጥመጃዎች ለየብቻ፣ ተራርቀው በተተከሉ ዛፎች ላይ ስቀሉ፤ የለቀማችሁትንም እሸት አሸዋ ባለበት ዕቃ አስቀምጣችሁ የሚወጣውን ዝንብ ቁጠሩ።