ሎጋሪዝም ምን ይጠይቃል? ከጅቡቲ እስከ ለገሃር



የብዜት ሎጋሪዝም የሎጋሪዝሞች ድምር መሆኑን ብዙ ተማሪ በቃሉ ይዞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ለምን እንደሚደመር ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። መልሱን የለገሃር ባቡር መንገድ ያሳየናል።

እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያበቃ ነበር። የአየር ግፊት በግምት በየ5,500 ሜትሩ በግማሽ ይቀንሳል። ለገሃር የዚህን ከፍታ 0.43 ያህል ወጥታለች፤ ስለዚህ ግማሽን ጽፈን ከራስጌው 0.43ን አርቢ እናደርጋለን። ውጤቱ የባሕር ዳርቻው ግፊት 74 በመቶ ገደማ ነው። ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚፈላውም ለዚህ ነው። እንግዲህ አርቢ «ስንት ጊዜ ተባዛ?» ለሚለው ብቻ ሳይሆን «ምን ያህል ተወጣ?» ለሚለውም መልስ ነው።

ሎጋሪዝም ነገሩን ይገለብጠዋል፦ ግፊቱ 74 በመቶ ከሆነ ምን ያህል ወጥተናል?

አሁን ጉዞውን ድሬዳዋ ላይ ለሁለት እንክፈለው። እስከ ድሬዳዋ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,200 ሜትር፣ ከዚያ እስከ ለገሃር 1,150 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታዎቹ ይደመራሉ፤ ግፊቱ ግን መጀመሪያ በ0.86፣ ቀጥሎ በ0.865 ይባዛል። የሎጋሪዝም ሕግ ይኸው ነው።

ይህን የተረዳ ተማሪ የድምርን ሎጋሪዝም ለሁለት አይከፍልም፤ ሁለት ግፊቶችን መደመር የትኛውንም ዳገት እንደማይገልጽ ያውቃልና። ስለዚህ ከቀመሩ በፊት ጥያቄውን እናስተምር።