ከመጠይቁ በኋላ ምን ይመለሳል? የትምህርት ኮሌጅና የቢቸና–ሞጣ ማኅበረሰብ



የማኅበረሰብ አገልግሎት ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የዩኒቨርሲቲ ተልእኮ መሆኑ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተደንግጓል። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ኮሌጃችን ከማኅበረሰቡ ጋር ግንኙነት ያስፈልገዋል ወይ የሚል አይደለም። ማኅበረሰቡ በምን ምክንያት ያምነናል የሚል ነው።

መልሱን ከምሥራቅ ጎጃም ታሪክ ልጀምር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ዓላማው ግብሩን ከገበሬው ምርት ጋር ማመጣጠን ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ከቀድሞው አሠራር የተሻለ ፍትሐዊ ይመስላል። ገማቾች ወደ ሞጣና ወደ ቢቸና አውራጃዎች ሲላኩ ግን ገበሬው አልተቀበላቸውም። የታሪክ ተመራማሪው ገብሩ ታረቀ በሰፊው እንዳጠኑት፣ ገበሬው የፈራው የግብሩን መጠን ብቻ አልነበረም፤ ግምቱ ለመሬት ልኬት፣ ልኬቱም ርስትን ለማጣት መንገድ ይከፍታል ብሎ ሠግቷል። በሹማምንቱም ላይ የቆየ ቅሬታ ነበረው። አመፁን ለማፈን ጦርና አውሮፕላን ተሰማራ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ።

ይህን ያነሣሁት አመፁን ለማወደስም ለመንቀፍም አይደለም። ከከተማ ወረቀት ይዞ የሚመጣ፣ የማሳውን ስፋትና የከብቱን ቁጥር ጠይቆ የሚሄድ ሰው በዚህ አገር ትዝታ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው ለማሳየት ነው። እኛም መጠይቅ ይዘን ስንሄድ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ስንት ልጅ አለዎት? ገቢዎ ስንት ነው? መልሱ ወዴት እንደሚሄድ ካልነገርን፣ ውጤቱንም ካልመለስን፣ ጥንቃቄ የተሞላበት መልስ ቢሰጠን ልንደነቅ አይገባም። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመረጃ ጥራት ጉዳይም ነው።

በዚያው ምድር ሌላ ምሳሌ አለ። በቢቸና አካባቢ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ለዘመናት በቅኔ ትምህርት ሲታወቅ ኖሯል። ከሩቅ አገር የመጣውን የቆሎ ተማሪ የመገበው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ማንም ሳያስገድደው የሰጠበት አንዱ ምክንያት ሃይማኖታዊ ምጽዋት ነው፤ ሌላው ግን የትምህርቱ ፍሬ ሲመለስ ማየቱ ነው። ከጉባኤው የወጣው ካህን ይቀድስለት፣ ልጁን ፊደል ያስቆጥርለት፣ ደብዳቤውን ያነብለት ነበር። ይህ ሥርዓት ሴቶችን በአብዛኛው ወደ ጎን የተወ ስለሆነ እንዳለ አንቀዳውም። የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብ የሚጠቅመውን ተቋም ይሸከማል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከዩኒቨርሲቲ ታሪካችን ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ አገልግሎት ይልክ ነበር፤ ብዙዎቹም በየክፍለ ሀገሩ አስተማሩ። አንድ ዓመት ሰብል ተዘርቶ እስኪታጨድ መቆየት ነው። የወላጁን ስም ማወቅ፣ ተማሪው በአጨዳ ወራት ለምን እንደሚቀር በዓይን ማየት ነው። በሳምንታት የሚቆጠር የመስክ ልምምድ ይህን አይሰጥም።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ የሚሠራ ማንኛውም ጥናት ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ ለትምህርት ቤቱና ለወላጆች ጉባኤ በቃል ሳይቀርብ እንደተጠናቀቀ አይቆጠር። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ትምህርት ቤት ከመቀያየር ይልቅ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን መርጠን ለዓመታት እንቆይ፤ የልምምድ ተማሪዎቻችንም ወደ እነዚያው ይመደቡ። ሦስተኛ፣ የምርምር ጥያቄው ሲነደፍ የትምህርት ቤቱ መምህራን፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላትና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አብረው ይቀመጡ። አጋር ማለት ደብዳቤ የሚጽፍልን ሳይሆን «ይህ ጥያቄ አይጠቅመንም» ሊለን የሚችል ነው።

ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ የመምህራን እድገት በታተመ ጽሑፍ በሚመዘንበት ቦታም ዋጋ ያስከፍላል። ስለሆነም ለማኅበረሰቡ የቀረበ ውጤት በምዘናው ውስጥ ቦታ እንዲሰጠው እጠይቃለሁ።

ጉዳዩ ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በቆየው ግጭት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ሕፃናትም ከክፍል ውጭ ሆነዋል። ነገ እነዚህ ልጆች ሲመለሱ፣ ፊደሉን የረሳው ከጀማሪው ጋር ሲቀመጥ፣ መምህሩ ብቻውን የማይወጣው ሥራ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ የትምህርት ኮሌጅ የሚፈለገው መጠይቅ ለማስሞላት ሳይሆን አብሮ ለማስተማር ነው። በሩ የሚከፈትልን ግን ዛሬ በሠራነው ልክ ነው።