ቀድሞ ያለፈበት ሰው
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




በዚህ መድረክ ላይ ዘወትር የሚቀርቡት ንግግሮች ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይና ስለ ግድብ ናቸው። እኔም ከሕመሜ በፊት ተጋብዤ ቢሆን ኖሮ የምናገረው ስለ ገጠር መንገዶች የጎርፍ መውረጃ ነበር። ዛሬ ግን አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ኅብለ ሠረሠር ዕጢ ቀዶ ሕክምናና ከዚያ በኋላ ስላለው ማገገም እንድናገር ስለ ጠየቀኝ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ በሽተኛ የነበርሁ መሐንዲስ ነኝ። የምናገረውም ከዚሁ አያልፍም።

የትውልድ ስፍራዬ አጅባር ናት። በ2011 ዓ.ም. ለመስቀል በዓል ወላጆቼ ዘንድ ሄጄ ሳለ፣ እናቴ ቡና አፍልታ ሲኒውን አቀበለችኝ። ጨዋታ ይዤ ስለ ነበር ሲኒውን በመዳፌ ጨብጬ ቆየሁ። «ልጄ፣ እጅህ እየተቃጠለ እኮ ነው!» ብላ ስትጮህ ነው ያየሁት። መዳፌ ቀልቶ ውሃ ሊቋጥር ደርሷል፤ እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። የሕመሜ መጀመሪያ ይህ ነበር ለማለት አልችልም፤ አንገቴን የሚያመኝ ከዓመት በፊት ጀምሮ ነበርና። ዳሩ ግን ያንን ዕለት የማስታውሰው የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ አድርጌ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ባከነ። ብርድ ነው ተባልሁ። አንድ ክሊኒክ ምርመራ ሳያደርግ የሕመም ማስታገሻ እየሰጠ ሦስት ጊዜ መለሰኝ። እናቴ ጸበል ወሰደችኝ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በወሎ ልማድ ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉልኝ። ይህን ሁሉ በምስጋና አስታውሰዋለሁ። ጥፋቱ የጸሎት አልነበረም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። በምሰሶ ላይ የፀጉር ስንጥቅ ባይ መለኪያ ይዤ የምሮጥ ሰው፣ በገዛ አካሌ ላይ የታየውን ስንጥቅ ሳልለካ አለፍሁት። በመጨረሻ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተኝና ደረጃ ስወርድ እግሬ ሲተሳሰር፣ በኩታበር በኩል ወደ ደሴ ወርጄ፣ ከደሴም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ።

በኤም አር አይ መሣሪያ የተነሣው ምስል ነገሩን ገለጠው። ኅብለ ሠረሠር በአዋቂ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ውፍረቱ ከትንሿ ጣት የማይበልጥ የነርቭ ገመድ ነው። በአጥንት ቦይ ውስጥ፣ በሦስት ሽፋኖች ተጠቅልሎ ይወርዳል፤ 31 ጥንድ ነርቮችም ከእርሱ ይወጣሉ። በዚህ ቦይ ውስጥ የሚበቅል ዕጢ ሦስት ዓይነት ስፍራ ሊይዝ ይችላል፦ ከሽፋኑ ውጭ፣ በሽፋኑና በገመዱ መካከል፣ ወይም በራሱ በገመዱ ውስጥ። የእኔ ሦስተኛው ነበር። ሐኪሞች ኤፔንዲሞማ ይሉታል። ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የማይዛመት ዓይነት ነው። ነገር ግን ቦዩ አጥንት ስለ ሆነ አይሰፋም፤ ዕጢው ባደገ መጠን የሚጨመቀው ገመዱ ነው።

የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ሁሉን በግልጽ ነገሩኝ። ዕጢው ካልወጣ እጅና እግሬ እየደከሙ ይሄዳሉ። ቢወጣም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚኖረኝን ጉልበት በአመዛኙ የሚወስነው ከዚያ በፊት ያለኝ ጉልበት ስለ ሆነ፣ መዘግየት ኪሳራ ነው። ሽባ የመሆንም ስጋት አለ። ማስረጃው በቂ ነበር፤ እኔ ግን መወሰን አቃተኝ። ለሦስት ሳምንት ያህል ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ስመለከት አድር ነበር።

በዚያን ጊዜ ሁለት ሰዎች ጠየቁኝ። አንደኛው የሩቅ ዘመዴ ነው። «የወንድሜን ጀርባ ከፍተው ከዚያ ወዲህ አልተነሣም፤ ተው ይቅርብህ» አለኝ። ቆይቼ እንደ ተረዳሁት የወንድሙ በሽታ ከሌላ የሰውነት ክፍል ወደ አከርካሪው የተዛመተ ነቀርሳ ነበር። ስሙ ዕጢ ከመባሉ በቀር ከእኔው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው የመካነ ሰላም አስተማሪ ነበሩ። እኔ ካለብኝ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ዕጢ ከሦስት ዓመት በፊት ወጥቶላቸዋል። ለክትትል መጥተው ሳለ ሐኪሙ ፈቃዳቸውን ጠይቀው አገናኙን። ከዘራቸውን ከወንበሩ አጠገብ አቁመው፣ «ልጄ፣ ቁረጥ ወይም አትቁረጥ አልልህም፤ እሱን ከሐኪምህ ጋር ጨርስ። እኔ የምነግርህ ስትነቃ ምን እንደሚጠብቅህ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይንገሩኝ እንጂ፤ ምን ይጠብቀኛል?» አልኋቸው።

«ስትነቃ ዛሬ ካለህበት የባስህ ትሆናለህ። ዓይንህን ስትጨፍን እግርህ የት እንዳለ አታውቀውም። የሰው እግር ይመስልሃል። እኔ ያን ዕለት ተበላሽቼ ቀረሁ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ፤ ሁለት ሳምንት ከሰው ጋር አልተነጋገርሁም። የሚመለስ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ቢነግሩኝም አልሰማሁ ይሆናል። አንተ ግን ከእኔ ስማ፤ በእግሬ መጥቼ ነው የምነግርህ።»

ክቡራን ባልደረቦቼ፣ በሙያችን ሁለት ዓይነት ሥዕል አለ። አንደኛው ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚዘጋጀው የንድፍ ሥዕል ነው። ሁለተኛው ሥራው ካለቀ በኋላ በእርግጥ የተሠራውን የሚያሳየው፣ አዝ ቢልት የምንለው ነው። ድልድይ ለመጠገን የሄደ መሐንዲስ ሁለተኛው ከሌለው በጨለማ ይሠራል። ሐኪሙ የሰጡኝ የመጀመሪያውን ነበር፤ ትክክለኛም ነበር። አስተማሪው ያመጡልኝ ሁለተኛውን ነው። በማግሥቱ ለቀዶ ሕክምናው ፈረምሁ።

የፈራሁት ቢላዋ አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1887 ለንደን ውስጥ ቪክቶር ሆርስሊ የተባሉ ሐኪም፣ ዊልያም ጋወርስ የሕመሙን ስፍራ በምርመራ ካመለከቷቸው በኋላ፣ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ አንድ የቀድሞ መኮንን ዕጢውን አውጥተው ሰውየው ዳግመኛ ለመራመድ በቅቷል። ያን ጊዜ ኤም አር አይ ቀርቶ ራጅ እንኳ አልተገኘም ነበር። በአገራችን ግን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006፣ በኖርዌይ ከሚገኘው የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እኔ የዳንሁት እንግዲህ ሌሎች ሠልጥነው በጠበቁኝ ዘመን በመታመሜ ነው።

ቀዶ ሕክምናው በሰኔ 2011 ዓ.ም. ተደረገልኝ፤ ሰባት ሰዓት ፈጀ። በደረት አስተኝተው፣ የአንገቴን አጥንት በስተኋላ ከፍተው፣ ሽፋኑን ቀድደው፣ በአጉሊ መነጽር እየተመለከቱ ገመዱን በመካከሉ መሥመር ሰንጥቀው ዕጢውን አወጡ። የመገጣጠሚያን ስፍራ የሚነግሩት ነርቮች የሚያልፉት በዚያው መሥመር ግራና ቀኝ ስለ ሆነ፣ ለጊዜው መደንዘዛቸው የተለመደ ነው። ስነቃ አስተማሪው እንዳሉት ሆንሁ። ብርድ ልብሱን ገልጬ ካላየሁ በቀር እግሬ መኖሩን አላውቅም። አለቀስሁ፤ ነገር ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አላዞርሁም።

በአምስተኛው ቀን አስተማሪው ስልክ ደወሉልኝ። የጠየቁኝ ስለ ተስፋ አልነበረም። «በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡሃል? ተረከዝህንስ ማን ያይልሃል?» አሉኝ። ስሜት በሌለው አካል ላይ የመኝታ ቁስል ሳይታወቅ እንደሚጀምር፣ የሽንት ቱቦ ንጽሕና ከመድኃኒት እንደማይተናነስ፣ ለመራመድ ስለማመድ ዓይኔን እንደ ሦስተኛ እግር መጠቀም እንዳለብኝ ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ነርሶቹም ነግረውኛል። ሆኖም ትእዛዝ የሆነው ነገር ምክር የሆነልኝ ከእርሳቸው አንደበት ስሰማው ነው።

ሕሙማን እርስ በርስ መበረታታታቸው ከሕክምናው ጎን የሚቆም ጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1944 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሉድቪግ ጉትማን ኅብለ ሠረሠራቸው የተጎዳ ወታደሮችን በአንድ ላይ አስተኝተው፣ በሥርዓት እያገላበጡ፣ ሥራና ስፖርት እየሰጡ አከሙ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው በአብዛኛው በመኝታ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በዚያው ግቢ 16 ተወዳዳሪዎች ቀስት ተወዳደሩ፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የመነጨው ከዚያ ነው። አንዱ የሌላውን መነሣት በዓይኑ ማየቱ ራሱ የሕክምናው ክፍል ነበር።

እኔም ስድስት ሳምንት በተሽከርካሪ ወንበር፣ አራት ወር በክራንች፣ ከዚያም በከዘራ ቆይቼ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመለስሁ። ግራ እግሬ ዛሬም ድንዙዝ ነው፤ በጨለማም ያለ ብርሃን አልራመድም። በየዓመቱ እመረመራለሁ፤ ዕጢው አልተመለሰም።

በዚህ መካከል ልደብቀው የማልችለው አንድ ነገር አለ። በተሽከርካሪ ወንበር ሳለሁ ግንባታውን ራሴ ወደ ተቆጣጠርሁት አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። በመግቢያው አራት ደረጃዎች አሉ፤ መወጣጫ ግን የለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። እኔም አንብቤዋለሁ። አራት ደረጃ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጠቅላላው 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ለአሥራ ሁለት በሆነ ዝቅዝቅነት የሚያስፈልገው መወጣጫ 7 ሜትር ከ20 ብቻ ነበር። ስፍራው ነበር፤ ሲሚንቶውም ነበር። ያልነበረው በወንበር ተቀምጦ በዚያ በር የሚገባ ሰው በእኔ ሐሳብ ውስጥ ነው። ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ተሸክመው አስገቡኝ። የጎደለኝ የመኖሪያው እውቀት እንጂ የስሌቱ አልነበረም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከከባድ ቀዶ ሕክምና ወይም ከአካል ጉዳት ያገገምን አባላት በፈቃዳችን በጸሐፊው ዘንድ እንመዝገብ፤ አዲስ የታመመ ባልደረባ ሲኖር ከመካከላችን የሚቀርበው ሰው ይላክለት። ሁለተኛ፣ የሚላከው ሰው የአስተማሪውን ደንብ ይጠብቅ፤ የሆነበትን ይናገር፣ ውሳኔውን ግን ለሐኪሙና ለበሽተኛው ይተው። የራስን ታሪክ ለሌላው ሕግ ማድረግ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዘመዴ ምክር አይታችኋልና። ሦስተኛ፣ የሕዝብ ሕንፃ ንድፍ ከመጽደቁ በፊት በዚያ ሕንፃ የሚገለገል አንድ አካል ጉዳተኛ ሥዕሉን አይቶ ይተች።

ከአጅባር ብዙ ሳይርቅ የመቅደላ አምባ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን የሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ የበሽሎን ገደል አሻግረው በ1860 ዓ.ም. ወደዚያ አድርሰውታል። በልጅነቴ ይህን ስሰማ የሚደንቀኝ የመድፉ ትልቅነት ነበር። ዛሬ የማስበው ገመዱን በጎተቱት ሰዎች ነው። ከፊት ያለው ሰው እግሩን የት እንዳሳረፈ ከኋላ ያለው ያያል፤ በዚያው ላይም ይረግጣል።

አስተማሪው ባለፈው ክረምት ደውለው፣ «አንድ ልጅ ሆስፒታል ገብቷል፤ ያንተ ዓይነት ነው። ዘንድሮ እኔ መንገዱን አልችለውም፤ አንተ ሂድለት» አሉኝ። ሄድሁ። ከዘራዬን ከወንበሩ አጠገብ አቆምሁና፣ ስትነቃ ምን እንደሚጠብቅህ ልንገርህ ብዬ ጀመርሁ።