ፀሐይን የሚታገሥ ተለጣጭ ጨርቅ



ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲኬድ የምትገኘው አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ደጋ ናትና ሁሉም የሚያወራው ስለ ብርዷ ነው። ዳሩ ግን በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ጨርቅ የሚያደክመው የማይታይ የፀሐይ ጨረር ይበረታል።

ናይሎን ጠንካራ ቢሆንም፣ መከላከያ መድኃኒት ካልተቀላቀለበት በፀሐይ ሲሰነብት ክሩ ይበጣጠሳል። በ1941 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር የተገኘው ፖሊስተር ግን ይበልጥ ይታገሣል። ይኸው ክር በሙቀት ተጠምዝዞ እንደ ሞላ ከተጠቀለለ በኋላ ሲሸመን፣ ጨርቁ ያለ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ተመልሶም ይሰበሰባል።

እንግዲህ ገብሱን ሸጦ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ለሚውል እረኛ ልጁ ጃኬት የሚገዛ አባት፣ (ለብርዱስ በርኖሱ አለ) ከቀለሙ አስቀድሞ በውስጥ በኩል የተሰፋችውን ጽሑፍ ያስነብብ። ናይሎን ገዝቶም እንደ ሆነ፣ ሲያጥበው በጥላ ያስጣው።